ኮምፓራቲቭ እና ሱፐርላቲቭን ለታዳጊ ልጆች ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የመሀል አዲስ አበባ ክልል የሚያስተምሩ መምህራንና ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ የእንግሊዝኛው ቃላት እንደሚነበቡ በፊደላችን ተጽፈዋል።

ኮምፓራቲቭ እና ሱፐርላቲቭ ምንድን ናቸው?

ሁለቱም ቅጽል ነገሮችን ሲያወዳድር የሚይዛቸው መልኮች ናቸው። ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁመን አንዱ ይበልጣል ወይም ያንሳል ስንል የምንጠቀምበት ኮምፓራቲቭ ይባላል። ከሦስትና ከዚያ በላይ መካከል አንዱን ነጥለን ከሁሉ በላይ ወይም ከሁሉ በታች ስናደርገው ደግሞ ሱፐርላቲቭ ይሆናል። «ቶል» ረጅም ነው፤ «ቶለር» ከሌላው የሚረዝም፣ «ቶለስት» ከሁሉም የሚረዝም።

ይህን ማብራሪያ ለራስዎ ይያዙት እንጂ ለስምንት ዓመት ልጅ አይስጡት። ልጁ የሰዋስው ስሞቹን ሳያውቅ በትክክል ማወዳደር ይችላል፤ ስሞቹን በቃሉ ይዞ ማወዳደር የማይችል ልጅ ግን በየክፍሉ ሞልቷል።

ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማር ይቻላል?

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ይጀመራል። ስለዚህ ከክፍሉ ቁጥር ይልቅ ልጁ የያዘውን ስንቅ መመልከት ይሻላል። «ዘ ፔንስል ኢዝ ሎንግ» የሚለውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሳይጨነቅ የሚናገር ከሆነና እንደ ቢግ እና ስሞል፣ ሎንግ እና ሾርት፣ ሆት እና ኮልድ ያሉ ጥንድ ቅጽሎችን የሚያውቅ ከሆነ ደርሷል። እነዚህ ሳይኖሩት «ሎንገር» ማስተማር መሠረት ሳይጣል ግድግዳ ማቆም ነው።

በእኔ አስተያየት 3ኛ እና 4ኛ ክፍል ምቹ ጊዜ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ትልቁንና ትንሹን በእጃቸው ማስለየት ይበቃል።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በምን ልጀምር?

ሦስት እርሳስ ይበቃል። አንዱ ገና ከሱቅ የመጣ፣ ያልተቀረጸ፤ ሁለተኛው ግማሽ የደረሰ፤ ሦስተኛው መቅረጫ የጨረሰው፣ ጫፉ በጥርስ የተነከሰ፣ በሁለት ጣት ካልሆነ የማይያዝ ቁራጭ። ቁራጩን ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ይደብቁት። ሁለቱን ግርጌያቸውን በዴስኩ ላይ አስተካክለው ያቁሙና ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፉ «ዚስ ፔንስል ኢዝ ሎንገር ዛን ዛት ፔንስል» ይበሉ። ልጆቹ ይድገሙት። ቀጥሎ አጭሩን እርሳስ ከረጅሙ ራስ በላይ ከፍ አድርገው ይያዙትና የትኛው «ሎንገር» እንደሆነ ይጠይቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቃወማል፤ «አስተካክለው ያስቀምጡት!» የሚል አይጠፋም። ማወዳደር እኩል መነሻ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ራሳቸው ተናግረዋል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ረጅሙን ወደ ኪስዎ ይመልሱና ቁራጩን አውጥተው ከመካከለኛው ጎን ያቁሙት። አሁን ለክፍሉ «ሾርተር» የነበረው መካከለኛው እርሳስ ምንም ሳይጨመርበት «ሎንገር» ሆነ። ልጆቹ ለአፍታ ግራ ይጋባሉ፤ ከዚያ ይገባቸዋል። «ሎንገር» የእርሳሱ የብቻው ጠባይ አይደለም፤ እርሳሱ ከጎኑ ከቆመው ጋር ሲተያይ የሚያገኘው ስም ነው። ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ሕግ ይህን በዚህ ፍጥነት አያስረዳም።

ሦስቱም በአንድነት ዴስኩ ላይ የሚቆሙት መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ «ዘ ሎንገስት» እና «ዘ ሾርተስት» ይመጣሉ፤ መካከለኛው ከሁለቱም ስም ውጪ ይቀራል። ሙሉው ክፍለ ጊዜ በንግግር ቢያልቅ አይቆጩ። ደብተር የሚወጣው በማግስቱ ነው።

ተማሪዎቼ «አበበ ኢዝ ቶል ፍሮም ጫላ» ይላሉ። ይህን ከየት ያመጡታል?

ከአማርኛ ነው። «አበበ ከጫላ ይረዝማል» ስንል ማወዳደሩን የሚሸከመው «ከ» ነው። «አበበ ከጫላ ይልቅ ረጅም ነው» ስንልም «ረጅም» የሚለው ቃል ምንም አይጨመርበትም። ልጁ ደግሞ «ከጎንደር መጣ» በሚለው ውስጥ ያለው «ከ» በእንግሊዝኛ «ፍሮም» እንደሚባል ቀድሞ ተምሯል። ያወቀውን ይዞ በሥርዓት አስቦ ነው የተሳሳተው፤ ስለዚህ ቁጣ አይገባውም። ሊነገረው የሚገባው እንግሊዝኛ በሁለት ቦታ ምልክት እንደሚጠይቅ ነው፦ በቅጽሉ ጭራ «ኧር»፣ ከቅጽሉ ቀጥሎ «ዛን»።

ከዚህ የተነሣ «ቶለር» ለብቻው ሰሌዳ ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ። ሁልጊዜ «ቶለር ዛን» ተብሎ እንደ አንድ ቃል ይጻፍ፣ እንደ አንድ ቃል ይነበብ። ከካርቶን የተቆረጡ ወረቀቶች ላይ «አበበ»፣ «ኢዝ»፣ «ቶል»፣ «ኧር»፣ «ዛን»፣ «ጫላ» ብለው ጽፈው ለስድስት ልጆች ያድሉና በተራ ይሰለፉ። «ኧር» የያዘው ልጅ ከ«ቶል» ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መቆም አለበት። ሰባተኛው ልጅ «ፍሮም» ይዞ ይምጣና ቦታ ይፈልግ፤ ክፍሉ «ቦታ የለህም» ብሎ ይመልሰው። የቃላቱን ቅደም ተከተልም በዚያው ይማራሉ፤ በአማርኛ የሚወዳደርበት ስም ከመግለጫው በፊት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

«ሂ ኢዝ ሎንገር ዛን ሚ» ብሎ የጻፈ ልጅ ተሳስቷል?

አዎ፣ ግን የተሳሳተው በማወዳደሩ ሳይሆን በቅጽሉ ምርጫ ነው። እኛ መንገዱንም፣ ሰውየውንም፣ ሕንፃውንም፣ ተራራውንም «ረጅም» እንላለን። እንግሊዝኛ ይህን ለሦስት ይከፍለዋል። መንገድ፣ ገመድ፣ ፀጉርና እርሳስ «ሎንግ» ናቸው፤ ሰው፣ ዛፍና ሕንፃ «ቶል»፤ ተራራ «ሃይ»። ስለዚህ ራስ ዳሸን በኢትዮጵያ «ዘ ሃየስት ማውንቴን» ነው።

የዕድሜውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። «ወንድሜ ይበልጠኛል» ስንል ዕድሜውን እንደሆነ ማንም ይረዳል፤ ልጁ ይህን «ማይ ብራዘር ኢዝ ቢገር ዛን ሚ» ብሎ ሲያስቀምጠው ግን እንግሊዝኛው በመጀመሪያ የሚያሰማው የሰውነት ትልቅነትን ነው። ለዕድሜ «ኦልደር» እና «ያንገር» ይሁኑ። «ኤልደር» የሚለውን አንዳንድ ጠንቃቃ ወላጆች ይጠይቁበታል። ትክክለኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን «ማይ ኤልደር ሲስተር» እንደሚባለው ከስም በፊት ይገባል እንጂ ከ«ዛን» ጋር አይሄድም። ለትንንሾቹ «ኦልደር» ይበቃቸዋል።

«ኧር» መቼ፣ «ሞር» መቼ እንደሚሆን እንዴት ላስረዳ?

በጭብጨባ። ቃሉ ሲነገር አንድ ምት ካለው «ኧር» እና «ኧስት» ይጨመርበታል፦ ቶል፣ ፋስት፣ ቺፕ። ሁለት ምት ኖሮት በዋይ የሚያልቅ ከሆነም እንዲሁ፦ ሃፒ፣ ሄቪ፣ ኢዚ። ሦስትና ከዚያ በላይ ምት ካለው ጭራው አይነካም፤ ከፊቱ «ሞር» ወይም «ሞስት» ይቆምለታል፦ ቢውቲፉል፣ ኤክስፔንሲቭ፣ ዴንጀረስ። በዋይ የማያልቁ ሁለት ምት ያላቸው ቃላት አብዛኞቹ ወደ «ሞር» ያደላሉ፤ «ኬርፉል» እና «ዩስፉል» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

እዚህ ላይ በእኛ ልጆች ዘንድ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። ፊደላችን እያንዳንዱን ድምፅ ከአናባቢው ጋር የሚይዝ ስለሆነ ልጆቹ «ስሞል» የሚለውን ሲያጨበጭቡ ሁለት ይመታሉ፤ «ስትሮንግ» ላይ ሦስት ወይም አራት የሚመታም አለ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ምት ብቻ ናቸው። ይህን ያላስተዋለ መምህር «ሞር ስትሮንግ» የሚል መልስ ሲመጣለት ልጁ ሕጉን እንዳልያዘ ያስባል፤ ልጁ ግን ሕጉን ይዟል፣ የሳተው ቆጠራው ነው። መድኃኒቱ መምህሩ ራሱ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ እየተናገረ አንድ ጊዜ ብቻ ማጨብጨብ፣ ልጆቹ አገጫቸው ሥር እጃቸውን አድርገው አገጩ ስንት ጊዜ ዝቅ እንደሚል እንዲያዩ ማድረግ ነው።

የአጻጻፍ ሕጎቹ ስንት ናቸው?

ለዚህ ዕድሜ ሦስት ይበቃሉ። ቃሉ በኢ ፊደል የሚያልቅ ከሆነ እንደ «ላርጅ» አር ብቻ ወይም ኤስ እና ቲ ብቻ ይጨመራል። በዋይ የሚያልቅና ከዋዩ በፊት ተነባቢ ያለው እንደ «ሃፒ» ዋዩን ወደ አይ ይለውጣል። እንደ «ቢግ»፣ «ሆት» እና «ቲን» ባሉ አጫጭር ቃላት መጨረሻ ላይ አንድ አናባቢና አንድ ተነባቢ ከተከታተሉ ተነባቢው ይደገማል፤ ስለዚህ «ቢገር» ሲጻፍ ሁለት ጂ አለው።

ሦስተኛውን ልጆቹ ወደው ያለቦታው ያውሉታል። «ቺፐር» ላይ ሁለት ፒ ይጽፋሉ፤ እዚያ ግን ከፒ በፊት ሁለት አናባቢዎች አሉ። «ሎንገር» ላይ ሁለት ጂ ይጽፋሉ፤ እዚያ መጨረሻ ላይ ያሉት ተነባቢዎች ራሳቸው ሁለት ናቸው። «ስሎወር» ላይም ደብልዩ አይደገምም።

«ጉድ»፣ «ቤተር»፣ «ቤስት» የሚሉትን ሕግ አልባ ቃላት እንዴት ያስታውሱ?

በቃል መያዝ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት፤ ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት። በዜማ አስይዟቸው። «ፋር» እና «ሊትል» ሌላ ዓመት ይጠብቁ።

«ሞር ቶለር» እና «ሞር ቤተር» የሚሉትን እንዴት ላስተካክል?

ይህ ስህተት ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው የ«ኧር» እና የ«ሞር» ትምህርት በአንድ ሳምንት ተደራርቦ ሲሰጥ ነው። ሁለተኛው የእኛው «ይበልጥ የተሻለ» ነው፤ በአማርኛ ሁለት ማበላለጫ ቃላትን አከታትሎ ማጠናከር ነውር የለበትም። ልጁ ለማጉላት ብሎ ነው ሁለቱን የሚደርበው።

እኔ የምመክረው በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲቆይ ነው። መጀመሪያ «ኧር» ምላሳቸው ላይ ይደር፤ ከዚያ «ሞር» ለረጃጅም ቃላት ብቻ የተሰጠ አገልጋይ ሆኖ ይግባ። ልጁ ሲናገር ከተሳሳተ ደግሞ ንግግሩን አያቋርጡት። «ሞር ቶለር» ካለ «የስ፣ ሂ ኢዝ ቶለር» ብለው ትክክለኛውን መልሰው ያሰሙትና ይቀጥል። በቀይ ብዕር የሚሰመርበት ጽሑፉ ነው እንጂ አንደበቱ አይደለም።

«ቬሪ ቶል» እና «ዘ ቶለስት» የሚሉትን ለምን ያምታታሉ?

«በጣም ረጅሙ» እና «በጣም ረጅም» በአማርኛ በጣም ስለሚቀራረቡ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ያለችው «ኡ» ናት አንድን ከሁሉ የምትለየው፤ በእንግሊዝኛ የእርሷን ሥራ የሚሠራው «ዘ» ነው። ስለዚህ ሱፐርላቲቭ ያለ «ዘ» እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ቀን አብረው ያስተምሩት። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ልጆች «ቬሪ ቶል» ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ዘ ቶለስት» ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው።

ሌላው የሚያስቸግረው ማሰሪያው ነው። «ከክፍሉ ረጅሙ» ለማለት «ዘ ቶለስት ፍሮም ዘ ክላስ» ይላሉ፤ ያው «ከ» ተመልሶ መጣ። ቦታ ወይም ቡድን ሲሆን «ኢን» ነው፦ «ዘ ቶለስት ቢልዲንግ ኢን አዲስ አበባ»። ቁጥር ወይም የተቆጠሩ ነገሮች ሲሆኑ «ኦፍ» ነው፦ «ዘ ሎንገስት ኦፍ ዘ ስሪ ፔንስልስ»።

ልጆቹን እርስ በርሳቸው እያቆሙ ማወዳደር ጥሩ ዘዴ አይደለም?

ቀላል ዘዴ ነው፤ ጥሩ ግን አይደለም። ቁመት፣ ውፍረት፣ የፊት መልክ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ውጤት፣ እነዚህ ሁሉ ከምሳሌዎቹ ዝርዝር ይውጡ። በሰኞው ትምህርት «ዘ ሾርተስት» ተብላ ክፍሉ ፊት የቆመች ልጅ ስሙ እስከ ሰኔ ይከተላታል፤ መምህሩ የረሳውን ቅጽል ጓደኞቿ አይረሱትም። ልጆቻችን በየሴሚስተሩ ካርድ ላይ በሚጻፍ ደረጃ እየተለኩ ነው የሚያድጉት። እንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሌላ ደረጃ ሊጨምርላቸው አይገባም።

ልጆቹ ስለራሳቸው መናገር ይወዳሉ፤ ያንን መከልከልም አያስፈልግም። ራሳቸውን ካምናው ራሳቸው ጋር ያወዳድሩ፦ «ናው አይ አም ቶለር»። ወይም ስማቸውን ያወዳድሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ የማን ስም ይረዝማል? ገብረሥላሴ ወይም ወልደማርያም የሚባል አያት ያለው ልጅ «ዘ ሎንገስት ኔም» ሲያሸንፍ የሚያሳየውን ኩራት ማየት ደስ ይላል፤ ስሙ አጭር የሆነውም ልጅ ምንም አልተነካም።

ክፍሌ ውስጥ ተማሪው ብዙ ነው፣ መርጃ መሣሪያም የለኝም። ምን ላድርግ?

በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች ከተቀመጡ ለሱፐርላቲቭ የተመቸ ቡድን ተፈጥሯል። እያንዳንዱ አንድ ነገር ዴስኩ ላይ ያስቀምጣል፦ ደብተር፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ። የመጀመሪያው ልጅ ሁለቱን በ«ዛን» ያወዳድራል፣ ሁለተኛው ሌሎቹን ሁለት፣ ሦስተኛው «ዘ ቢገስት» ወይም «ዘ ሄቪየስት» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። በዚህ መንገድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ አፉን ከፍቶ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ እየተነሡ በተራ ሲመልሱ ግን አብዛኛው ልጅ ተራው ሳይደርሰው ደወል ይደወላል።

መሀል ከተማ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ከመስኮቱ ውጪ ሙሉ የመርጃ መሣሪያ ቤት አለው። በቸርችል ጎዳና ያለው የትግላችን ሐውልት ቁመቱ 50 ሜትር ገደማ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ነው። እያንዳንዱ የቀደመውን እጥፍ ያህል ስለሚሆን ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ቢያሰምሩላቸው ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ልጆቹ ደግሞ ሦስቱንም በታክሲ መስኮት ያውቋቸዋል። የትኛው ከየትኛው «ቶለር» ነው? የትኛው «ዘ ቶለስት»?

መጓጓዣውም አለ። ባቡር፣ ሚኒባስ ታክሲና አውቶቡስ «ፋስተር»፣ «ቺፐር»፣ «ሞር ኤክስፔንሲቭ»፣ «ሞር ኮምፈርተብል» እየተባሉ ሲወዳደሩ መልሱ ስለሚለያይ ልጆቹ ይከራከራሉ፤ በክርክሩ ውስጥ ሕጉን መቶ ጊዜ ይደጋግሙታል። የሚኖሩበት ሰፈርም ያገለግላል፤ ከአራት ኪሎ ሲነሡ ፒያሳ ከሜክሲኮ «ኒረር» ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከሁሉም «ሃየር»።

እኔ ወላጅ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄን ቤት ውስጥ መርዳት እችላለሁ?

ይችላሉ፣ በአማርኛም ቢሆን። ልጁ ነገሮችን ማወዳደር በራሱ ቋንቋ ከለመደ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ቃላቱን መማር ነው። ጉሊት አብረው ሲሄዱ «የትኛው ቲማቲም ይበልጣል? የትኛው ሽንኩርት ይከብዳል? ከሦስቱ መደብ ርካሹ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ቤት ሲገቡ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይንገርዎት። እርስዎ ተማሪ፣ እርሱ መምህር ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይተጋል።

ልጁ ፈተና ላይ ሙሉ ያገኛል፣ ሲናገር ግን ይጠፋዋል። ለምን?

ፈተናው ክፍት ቦታ ሙላ ስለሆነ ነው። በቅንፍ ውስጥ «ቢግ» ተሰጥቶት፣ አጠገቡ «ዛን» ተጽፎለት «ቢገር» የሚል ልጅ ጭራ መቀጠል መቻሉን ብቻ ነው ያሳየው። ማን ከማን እንደሚበልጥ አላሰበም፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብም ሊመልሰው ይችላል። «ኤን አንት ኢዝ ብላንክ ዛን ኤን ኤለፋንት» ብለው «ቢግ» ይስጡት፤ ብዙዎቹ ሳያመነቱ «ቢገር» ይሉና ጉንዳኗን ከዝሆን ያስበልጧታል።

ጥያቄውን ይገልብጡት። ሥዕል ወይም ቁጥር ይስጡትና ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ያምጣ። ሁለት ሳጥን ሥለው «ስለ ሁለቱ ሁለት እውነት ጻፍ» ማለት ከአሥር ክፍት ቦታ የበለጠ ያስተምራል፣ የበለጠም ይመዝናል። ለማረም ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ልጁ የሚያውቀውንና የማያውቀውን የሚያሳየው ይህ ነው።

«ዛን» የሚለው ድምፅ አልወጣ አላቸው። ምን ይሻላል?

ይህ ድምፅ በአማርኛ የለም፤ ስለዚህ «ዛን» ወይም «ዳን» ይሉታል። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ትንሽ ብቅ ብሎ አየር ይለፍበት፤ ትንሽ መስታወት ካለ ልጁ ምላሱን ይይ። ካልሆነለት አያስጨንቁት፣ ሰሚው ይረዳዋል። የበለጠ የሚያሳስበው በጽሑፍ ነው፤ «ዛን» በኤ ፊደል፣ «ከዚያ» የሚል ትርጉም ያለው «ዜን» በኢ ፊደል ይጻፋል፤ ልጆቹ ይቀያይሯቸዋል።

በአንድ ቦታ ላይ ግን የአማርኛ ልማዳችን ያግዘናል። እንግሊዞች «ሎንግ» ሲሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ግ» አትሰማም፣ «ሎንገር» ሲሉ ግን ትሰማለች። የእኛ ልጆች በሁለቱም ያሰሟታል፤ ስለዚህ «ሎንገር»፣ «ስትሮንገር» እና «ያንገር» ያለ ልፋት ትክክል ይወጣሉ።

የሯጮችን ሰዓት ሳወዳድር ልጆቹ ትልቁን ቁጥር «ፋስተር» ይላሉ። ምሳሌውን ልተወው?

አይተውት፣ ከምርጦቹ ምሳሌዎች አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2፡15፡16 ሮጠ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11። ልጆቹ የመጀመሪያውን «ፋስተር» ቢሉ አይገርምም፤ እስካሁን ያወዳደሯቸው ነገሮች ሁሉ ቁጥሩ ሲጨምር የሚበልጡ ነበሩ። አንዱን ልጅ ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት እንዲራመድ አድርገው ክፍሉ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ያነሰ ቁጥር የፈጠነ መሆኑን በጆሯቸው ይሰሙታል። አበበ ከራሱ ጋር ስለሚወዳደር ማንም አልተሸነፈም፦ «ሂ ዋዝ ፋስተር ኢን ቶኪዮ ዛን ኢን ሮም»።

ለሱፐርላቲቭ ደግሞ ሌላ ነገር ይማሩበታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 10,000 ሜትርን በ26፡22.75 ሮጠ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በ26፡17.53 ፈጠነ፤ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 በ26፡11.00 በለጠው። እያንዳንዳቸው በጊዜያቸው «ዘ ፋስተስት» ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ሱፐርላቲቭ ሲናገር «በየት? በመቼ? ከማን መካከል?» ለሚለው መልስ መያዝ አለበት። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ የሮጠችው 2፡11፡53 ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት እንደሚያንስ ሲነግሯቸው ክፍሉ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ፤ ያን ጊዜ «ፋስተር ዛን» ለማለት ማንንም መለመን አያስፈልግም።

«ቶለር ዛን ሚ» ነው ወይስ «ቶለር ዛን አይ»?

ሁለቱም ይባላል። በንግግር የተለመደው «ዛን ሚ» ነው፤ «ዛን አይ» መደበኛና ጠንከር ያለ የጽሑፍ አነጋገር ነው። ክርክር የማያስነሣው «ቶለር ዛን አይ አም» ማለት ነው። መምህሩ «ዛን ሚ» ያለውን ልጅ ነጥብ ባይቀንስበት መልካም ነው።

ሁለት ነገሮች ብቻ ሲሆኑ «ዘ ቶለስት» ማለት ስህተት ነው? «ዘ ቶለር» የሚልም አይቻለሁ።

በመደበኛው ሰዋስው ሁለት ሲሆኑ «ዘ ቶለር ኦፍ ዘ ቱ» ነው፤ ኮምፓራቲቩ «ዘ»ን ከሚወስድባቸው ልዩ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። በዕለት ንግግር እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ለሁለት «ዘ ቶለስት» ሲሉ ይሰማል። ፈተና ላይ ግን የሚጠበቀው የመጀመሪያው ስለሆነ ከ7ኛና 8ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተዋወቅ ተገቢ ነው፤ ለታናናሾቹ «ሁለት ሲሆኑ ዛን፣ ሦስት ሲሆኑ ዘ» የሚለውን ንጹሕ ሕግ አያደፍርሱባቸው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። «አዲስ አበባ ኢዝ ቢገር ዛን ኤኒ ሲቲ ኢን ኢትዮጵያ» የሚለው ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ራሷ በኢትዮጵያ ካሉት ከተሞች አንዷ ስለሆነች ዓረፍተ ነገሩ ከራሷም ትበልጣለች እያለ ነው። «ዛን ኤኒ አዘር ሲቲ» መሆን አለበት። ናይሮቢን ከኢትዮጵያ ከተሞች ጋር ሲያወዳድሩ ግን «አዘር» አያስፈልግም፤ ናይሮቢ ከቡድኑ ውጪ ናትና።